አጭበርባሪዋ የየት አገር ሰው ናት? ለተከታታይ ድራማ ሠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ጸሐፊዎች፣ አዘጋጆች፣ ፕሮዲዩሰሮችና ተዋንያን
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ማጭበርበርን በሚተርኩ ድራማዎች ውስጥ የሚሰማውን የአካባቢ አነጋገር ይመለከታል

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣

ድራማ ጠልቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ከድራማም የማታለል ታሪክ አብልጬ እወዳለሁ፤ ስሙን ቀይሮ ሀብታም ቤት የገባ፣ የሟቹ ወንድም ነኝ ብሎ ውርስ የጠየቀ፣ በሁለት ከተማ ሁለት ትዳር ይዞ የኖረ ሰው ታሪክ ከተጀመረ ከወንበሬ አልነሣም። ቅሬታዬ አንድ ነው። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ሰው ከየት እንደመጣ የሚናገረው አፉ ነው፤ እናንተ ግን ለአፉ የምትሰጡት ጊዜ ለጫማው ከምትሰጡት ያንሳል።

የፍቅር ድራማ ስናይ ልባችንን ሰጥተን ነው የምናየው። የማታለል ድራማ ስናይ ግን ሁላችንም መርማሪ ፖሊስ እንሆናለን። ቀለበቱ ለምን ከጣቷ ጠፋ? ሰውዬው ሐዋሳ ነበርሁ ካለ መኪናው ላይ ያ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ? እያልን እንለቅማለን። እንዲህ እንድናይ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ጆሯችንም አብሮ ይመረምራል። ገጸ ባሕርይዋ «ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው» ካለችበት ደቂቃ ጀምሮ ከአፏ የሚወጣው ሁሉ ማስረጃ ነው። ሌላ ድራማ ላይ «ተዋናይዋ ትንሽ ሳተች» ተብሎ የሚታለፈው የቅላጼ መንሸራተት እዚህ አይታለፍም፤ የተዋናይዋን ስሕተት የገጸ ባሕርይዋ ውሸት አድርገን እንወስደዋለንና።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። አንዲት ወጣት ከጎጃም መጥታ የአንድ ባለሀብት የጠፋሁ ልጅ ነኝ ብላ ቤቱ ትገባለች። ውሸቷን እኛ ከመጀመሪያው ክፍል እናውቃለን፤ ቤተሰቡ አያውቅም። መነሻው ግሩም ነው። ልጅቷ በመጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች፣ «ሄድሁ»፣ «ነገርሁት» ትላለች፤ ደስ አለን። ጥቂት ክፍሎች ቆይቶ ወሎኛ የሚመስል ዜማ መጣ። ስትቆጣ ደግሞ ጥርት ያለች የቦሌ ልጅ ሆነች፤ «አትጨቅጭቀኝ በናትህ፣ ነገርኩህ አይደል!» እዚሁ አዲስ አበባ ያደገችው ታናሽ እኅቴ ከሶፋው ብድግ ብላ «ያዝኳት!» አለች። ጎጃሜ ነኝ ማለቷም ውሸት ነው፤ የባለሀብቱ ጠላት አሠልጥኖ የላካት የከተማ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ስልጠናው ይጠፋባታል። ቤቱ በሙሉ በዚህ ተስማማ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የጠበቅነው ይህ ነገር መቼ እንደሚፈነዳ ነበር።

አልፈነዳም። መጨረሻ ላይ እውነተኛ እናቷ ጎጃም ውስጥ ተገኘች። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጎጃሜ ነበረች። ለካ የሰማነው የታሪኩ ፍንጭ ሳይሆን የተዋናይዋ ድካም ኖሯል። ለዚያች ተዋናይ ግን አዝኛለሁ፤ ጎበዝ ናት፤ ዓይኗ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ያልሠራላት ሌላ ነው፤ ስክሪፕቱን የሰጧትና «በጎጃምኛ በይው» ብለው የተዉአት ሰዎች።

አነጋገር ሰውን ሲያጋልጥ ዛሬ አይደለም የተጀመረው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሲክድ ማቴዎስ የጻፈውን ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ የቆሙት በመጨረሻ ያሉት «አነጋገርህ ይገልጥሃል» ነው። የሚናገረውን ቃል መርጧል፤ ገሊላዊነቱን ግን ከቃሉ ውስጥ ማውጣት አልቻለም። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከዚያ የተሻለ የመጋለጥ ትዕይንት ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። ጎጃምና ጎንደር «ሄድሁ፣ ሄድህ፣ ሄድነ» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ አዲስ አበባ «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድን» ይላል። ልዩነቱ በአንዲት ፊደል ላይ ነው ያለው። በዚህች ፊደል ምን መሥራት እንደሚቻል ላሳያችሁ።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። አዲስ አበባ ተወልጄ አደግኩ ብሎ ለሁሉም አውርቷል፤ ሰነዱም እንዲያ ይላል። ገንዘብ ጎድሎ አለቃው ቢሮ ይጠራዋል። «ብሩን ወስደሃል?» «ኧረ አልወሰድኩም ጌታዬ።» «ፊርማው የአንተ ነው።» «የእኔ አይደለም፤ አልፈረምኩም።» በሩ ይዘጋል። ሁለተኛ ሰው ይገባል። ፋይል ይከፈታል። ጥያቄው ይደጋገማል፤ አንገቱ ላይ ላብ ይታያል፤ ከዚያ ድምፁ ከፍ ብሎ «አልወሰድሁም አልሁዎት!» ይላል። ካሜራው ወደ አፉ መጠጋት የለበትም፤ ሙዚቃም አያስፈልግም። አለቃው ጎንደር ያደገ ሰው ከሆነ ብቻ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ሰውዬው ብሩን በእርግጥ አልወሰደ ይሆናል። የተያዘው በሌላ ውሸት ነው፣ ማንም ባልጠየቀው። አለቃው ግን «ስለ አገሩ የዋሸኝ ስለ ብሩ ለምን አይዋሸኝም?» ይላል። ይኸው አምስት ክፍል የሚሄድ ታሪክ በአንዲት «ሁ»።

ይህ የሚሠራው በንግግር ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎች ልብ በሉልኝ። በጽሑፍ «አልወሰድሁም» የሚል ከየትም አገር አለ፤ እኔም ይኸው እንዲያ እየጻፍሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ከአዛውንትና ከቤተ ክህነት ተማሪ አፍ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ደብዳቤ እየተነበበ ሰው አይጋለጥም፤ ሲቆጣ፣ ሲደነግጥ፣ ሲቆጥር፣ ሲጸልይ ነው የሚጋለጠው። እኔ ደብረ ማርቆስ አድጌ ለትምህርት ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ «ኩ»ን ለምጃለሁ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅብኝም። እናቴ የደወለች ጊዜ ግን ከጎኔ ያሉት ሁሉ የደወለውን ሰው ያውቃሉ። ስልኩን ዘግቼም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ጎጃም ነው የምቆየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህ ማንም ደራሲ በነጻ የሚያገኘው ትዕይንት ነው፤ አጭበርባሪ ገጸ ባሕርይ ከእናቱ ስልክ ሲመጣለት አጠገቡ ማን አለ? እስካሁን በድራማ አላየሁትም።

ችግሩ የሚጀምረው ከስክሪፕቱ ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ተቀምጦ በአዲስ አበባ አማርኛ ይጽፋል፤ ዘዬውን ተዋናዩ ከኪሱ አውጥቶ እንዲቀባበት ይጠበቃል። ፊደላችን ደግሞ አያግዝም። መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው አንባቢው ነው። የዓረፍተ ነገር ዜማ፣ ወሎ ላይ የሚሳበው፣ መንዝ ላይ የሚቆረጠው፣ ጭራሽ ወረቀት ላይ የለም። ተዋናዩ ይህን ሁሉ ከየት ያምጣው? ከሌላ ድራማ ያመጣዋል። በዚህ መንገድ የትም የማይነገር አንድ አማርኛ ተወልዶ አድጓል፤ እኔ የመድረክ ባላገርኛ እለዋለሁ። «ጃል» ጣል፣ «እሜቴ» ጣል፣ ድምፅ ጎላ፣ አፍ ከፈት፤ በቃ፣ ገጠር ሆነ። የትኛው ገጠር? የሸዋ ሰው የጎጃም ይመስለዋል፤ የጎጃም ሰው የወሎ ይመስለዋል፤ ወሎዬው ይስቃል። ድሬዳዋ ስትሆን ደግሞ አንድ «አቦ» ይበቃታል። የትግርኛ ተናጋሪ ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ያለችው «ሐ» እና «ዐ» ብቻ ትመስላለች፤ ሁለቱን ከጉሮሮ ማውጣት የቻለ ተዋናይ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ይህ የመድረክ ባላገርኛ ለአስቂኝ ተውኔት ይበቃ ይሆናል፤ ባልወደውም። ለማታለል ድራማ ግን መርዝ ነው። የውሸት ዘዬ የሚናገር ገጸ ባሕርይና ዘዬውን በውሸት የሚናገር ተዋናይ በጆሮ አይለዩም። ታሪካችሁ ውስጥ የውሸት ጎጃሜ ሊኖር ከሆነ አጠገቡ እውነተኛ ጎጃሜ መኖር አለበት፤ ያለዚያ ማን ከማን ያንሳል ብለን እንፍረድ?

ዘዬ የሚሰጠው ለማን እንደሆነም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለዘበኛው፣ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ለገባው የዋህ፣ አልፎ አልፎ ለሌባው። ጠበቃው፣ ሐኪሟ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም አንድ አፍ አላቸው። በእውነተኛው ኑሮ ግን የማውቃቸው ብልህ ጠበቆች ግማሾቹ አገራቸውን በአፋቸው ይዘው ነው ፍርድ ቤት የሚቆሙት። ተመልካች ይህን ዓመት ካመት ሲሰማ ዘዬን ወይ ከሞኝነት ወይ ከተንኮል ጋር ያስተሳስራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሺሪ ሌቭ-አሪ እና ቦዓዝ ካይሳር የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ይህን ይነካል። «ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ያለ ውሃ ብዙ መቆየት ትችላለች» ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን ለአድማጭ አሰሙ፤ አንዳንዱን አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ፣ አንዳንዱን የውጭ አገር ቅላጼ ያለው ሰው ያነበበው ነው። አድማጮቹ ቅላጼ ያለውን ሰው ያነሰ አመኑት። ይህም አንባቢው የራሱን ሐሳብ ሳይሆን የተሰጠውን ጽሑፍ ብቻ እንደሚያነብ እያወቁ ነው። ጥናቱ ቅላጼ በእምነት ላይ ስላለው ተጽዕኖ እንደሆነ አስቀድሞ ሲነገራቸውም ቅላጼው ከበድ ካለ እምነታቸው አልተስተካከለም። ጥናቱ ስለ ውጭ አገር ቅላጼ ነው እንጂ ስለ ጎጃምና ወሎ አይደለም፤ ያም ሆኖ ነገሩን በየቢሮው መስኮት ቆሞ የቀመሰ ሰው አይገርመውም።

አጭበርባሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ባንክ ሲገባ ዘዬውን ደጅ ትቶ ይገባል። መንገድ ላይ ነሐስ በወርቅ ስም የሚሸጠው ግን የተገላቢጦሹን ነው የሚሠራው፤ ዘዬ ከሌለው ፈልጎ ይለብሳል። «እርሻ ስናርስ አገኘነው፤ ዋጋውን አናውቅም» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አንቱ» እያለ። የከተማው ሰው ወርቁን የሚገዛው ባላገሩን ስላመነው አይደለም። ባላገሩ ዋጋ አያውቅም፣ እኔ ልብላው ብሎ ነው። የሚታለለው ሊያታልል ሲል ነው፤ ወጥመዱም የሰውዬው አነጋገር ነው። ይህን የሚያህል ነገር መንገድ ላይ እያለ ድራማዎቻችን ባላገሩን አሁንም መናኸሪያ ላይ ሻንጣ ያስሰርቁታል።

የአዲስ አበባ ቤተሰብም እንደምታሳዩት አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረች 140 ዓመት ገደማ ነው፤ ከነዋሪዋ የብዙው አባት ወይም አያት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በአንድ ሳሎን ውስጥ አያት መንዝኛ፣ እናት ጉራጌኛ የነካው አማርኛ፣ ልጅ የሰፈር አራዳኛ ሲናገሩ መስማት የዘወትር ነገር ነው። ድራማ ውስጥ ግን አያትም ልጅም ዜና አንባቢ ናቸው። ለማታለል ታሪክ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የጠፋ ልጅ ነኝ ብሎ የመጣን ሰው የምትፈትን አያት ፎቶ አታወጣም፣ ታጫውተዋለች እንጂ።

የተተረጎሙ ድራማዎችም አስለምደውናል መሰለኝ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ስንሰማ የከተማውም የገጠሩም ሰው በአንድ የአዲስ አበባ አማርኛ አወራን። ለትርጉም ሥራ አልፈርድም፤ የቱርክን የገጠር ዘዬ በወሎኛ ይተኩት ብል ሌላ ጣጣ ነው። እናንተ ግን የምትሠሩት ከመነሻው የራሳችሁን ነው።

የተሳካለትን ካነሣሁ አይቀር አንድ ልበል። «ዘ ዋየር» በተባለው የአሜሪካ ድራማ ባልቲሞራዊውን መርማሪ ማክነልቲን የሚጫወተው ዶሚኒክ ዌስት እንግሊዛዊ ነው፤ የሼፊልድ ልጅ። በሁለተኛው ምዕራፍ መርማሪው ለሥራ ሲል እንግሊዛዊ ነጋዴ መስሎ አንድ ቤት መግባት ነበረበት። እንግሊዛዊው ተዋናይ አሜሪካዊ ሆኖ፣ አሜሪካዊው ደግሞ እንግሊዝኛውን ሲያስመስል የሚያበላሸውን ብልሽት ተጫወተው። በገዛ አፉ መሳሳት ነበረበት። ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ የሚሳሳተው ማን እንደሆነ፣ ተዋናዩ ወይስ ገጸ ባሕርይው፣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የምጠይቃችሁም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ድራማ በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ የአሥረኛው ክፍል የሳሎን ትዕይንት ከሦስተኛው ጋር በአንድ ቀን ይቀረጻል። ስለዚህ የተዋናይዋ ሻሽ በየትኛው ትዕይንት ምን ዓይነት እንደነበረ የሚመዘግብ ሰው አላችሁ፤ ፎቶ ያነሣል፣ ይጽፋል። አነጋገሯን ማንም አይመዘግብም። የምታታልል ገጸ ባሕርይ ደግሞ ከአንድ በላይ አፍ አላት፤ የተወለደችበት፣ የለበሰችው፣ ብቻዋን ስትሆን የሚቀራት። በየትኛው ትዕይንት የትኛውን እንደምትናገር፣ የትኛው ቃል ላይ እንደሚያመልጣት ስክሪፕቱ ላይ ይጻፍ። «አልወሰድሁም» ከተፈለገ «አልወሰድሁም» ተብሎ ይጻፍ፤ ለተዋናዩ ፈቃድ አይተው። ንባብ ልምምድ ላይ ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው ይቀመጥና ጆሮውን የሻከረውን ይናገር፤ ለድካሙም ይከፈለው፤ ስሙም መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ጋር ይለፍ።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነትም ላይኖር ይችላል። ግን ቀረጻ ቦታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፤ መብራት የሚይዘው ልጅ ከየት ነው? ሾፌሩስ? ምግብ የምታቀርበው ሴትዮስ? ተዋናይዋ «ወሎዬ ነኝ» እያለች መንዝኛ ስታወራ ከካሜራው ጀርባ አንገቱን የሚያቀረቅር ሰው ሁልጊዜ አለ። እሱን ጠይቁት። ለምን እንዳቀረቀረ ይነግራችኋል።

ይህም ካልሆነ ከሁሉ የሚረክስ መፍትሔ አለ። ተዋናይዋ ዘዬውን ካልቻለችው የገጸ ባሕርይዋን አገር ቀይሩት። «ባሕር ዳር» የሚለውን ሰርዛችሁ «ጉለሌ» ብትሉ የምትከስሩት አንድ ቃል ነው፤ ጉለሌም አጭበርባሪ አታጣም። ጎጃሜ ካላችኋት ግን ጎጃሜ ናት፤ እኛም ቁጭ ብለን እንሰማታለን፣ የምትለውንም የሚያመልጣትንም።

የሚቀጥለውን ሥራችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር ተመልካች፣ አዲስ አበባ